እራት በቆላ ሙቀት፤ ከድስቱ እስከ ገበታው ምን እንጠንቀቅ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ ወር የጤናና አመጋገብ ዝግጅታችን በየቀኑ ስለምንበላው፣ ግን ቁጭ ብለን ስለማንነጋገርበት ጉዳይ፣ ስለ ቤታችን እራት እንማማራለን።

እንደሚታወቀው ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ ሲቃረብ የአየሩ ለውጥ ወዲያው ይሰማዋል። በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጥል በፊት፣ በራያ ቆላ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል። ደጋ ላይ እስከ ማግስቱ የሚቆይ ወጥ እዚህ ሳይነጋ ይኮመጥጣል። ደግሞም እራት የሚሠራው በሚመሽበት፣ ልጆች እሳት ዳር በሚሰበሰቡበት፣ እናት በደከመችበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ትንንሽ የማድቤት አደጋዎች የሚበዙትም ያን ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ግን በጥቂት ዕውቀት የሚከለከሉ ናቸው። ቤተሰብ ደግሞ ከአላህ (ሱ.ወ) የተሰጠን አማና ነው።

1. ከድስቱ እስከ ገበታው ያለው ሰዓት

ምግብን የሚያበላሹና በሽታ የሚያመጡ ጥቃቅን ተሕዋስያን በጣም የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ የሚፍለቀለቅ ድስት ውስጥ አይራቡም፤ ከዚያ በታች ፍሪጅ ውስጥም እጅግ ይዘገያሉ። ለብ ያለ ወጥ ግን ለእነርሱ እንደ ለም መሬት ነው። በመሆኑም የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ መቀመጥ የለበትም። የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል።

እስቲ የራሳችንን ቤት እናስላ። ብዙ እህቶች ለመግሪብ እንዳይሯሯጡ ሲሉ ወጡን ከዐስር ሶላት ጋር፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ያወርዱታል። በሰኔ መግሪብ የሚገባው 12፡45 አካባቢ ነው። አባወራውና ልጆቹ ዒሻን መስጊድ ሰግደው ሲመለሱ ከምሽቱ 2፡30 ሊሆን ይችላል። ወጡ እንግዲህ አራት ሰዓት ተኩል ለብ እንዳለ ተቀምጧል ማለት ነው። በላዩ ላይ ዝንብ ካረፈበት፣ ወይም ሕፃኑ በጣቱ ቀምሶት ከሄደ፣ ቀሪውን መገመት አያዳግትም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም።

ሀ) ሽንኩርቱን መክተፍ፣ ምስሩን መልቀምና ማጠብ በቀን ይሠራ። ቁሌቱ ግን ለመብላት ሲቃረብ ይጣድ።

ለ) ከተቻለ እራት ከመግሪብ በኋላ ወዲያው ይቅረብ። ምግብ ቀርቦ ሶላት ከገባ በምግቡ እንድንጀምር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህ ልብ ሳይከፈል ለመስገድ የተሰጠ እዝነት ነው፤ ከምግቡም አንጻር ስናየው ጥቅም አለው።

ሐ) የግድ ቀድሞ ከበሰለ፣ ከመቅረቡ በፊት ዳር እስከ ዳር እስኪፍለቀለቅ ድረስ ይሙቅ። ለብ ማድረግ ብቻውን ጥቅም የለውም፤ ይብስ ይጎዳል።

2. ያደረ ምግብ፤ መጣል ኢስራፍ ነውን?

አንዲት እናት የተረፈ ወጥ ለመድፋት እጇ አይታዘዝላትም። ምክንያቱም አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 ብሉ፣ ጠጡ፣ ግን አታባክኑ ብሎ ማዘዙን ታውቃለች። ይህ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ማባከኑ የሚጀምረው ስንደፋው ሳይሆን ከሚበላው በላይ ስንሠራ ነው። የተበላሸውን ለልጅ መስጠት ከብክነት አያድነንም፤ ልጁን ይጎዳዋል፣ ለመድኃኒትም ያስወጣናል።

«ካሞቅሁት ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መልሱ የሚከተለው ነው። ማሞቅ ተሕዋስያኑን ይገድል ይሆናል። አንዳንዶቹ ግን ምግቡ ውስጥ ሳሉ መርዝ ያመርታሉ፤ ይህ መርዝ በመፍላት አይጠፋም። በሰው እጅና አፍንጫ ላይ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከተቀቀለ በኋላ ውጭ ባደረ ሩዝና መኮሮኒ ላይ የሚራባው ባሲለስ ሴሪየስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ያደረ ሩዝ ሳይሸት፣ ሳይኮመጥጥ፣ ደህና መስሎ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቤተሰቡን ሁሉ ሊያስመልስ ይችላል።

በመሆኑም የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራለን፦

- የተረፈው እንደሚተርፍ ከታወቀ በገበታ ላይ እጅ ሳይነካው በፊት ተለይቶ ይቀመጥ።
- ቶሎ እንዲበርድ በሰፊ ዕቃ ይገልበጥ፤ ዕቃው ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ይማሰል። ከዚያ ፍሪጅ ይግባ።
- ፍሪጅ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ሩዝና መኮሮኒ ባያሳድር ይሻላል። ለዚያው እራት የሚበቃውን ብቻ ይሥራ። የተረፈውን በዚያው ምሽት ለጎረቤት መስጠት ደግሞ ሶደቃ ነው።
- ሥጋ ተርፎ ጥሬውን ማቆየት ካስፈለገ በጨው ታሽቶ በስስ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሁን፤ ከዝንብም ይከለል።

የማሽላ እንጀራ ከጤፍ እንጀራ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። እንዳይደርቅ ብለን ሳይበርድ በላስቲክ ብንጠቀልለው ግን ላቦቱ ያሻግተዋል። ስለዚህ በሚገባ በርዶ መሶብ ይግባ፤ በሙቀት ወራትም በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢጋገር ይመረጣል። የሻገተውን ፍቆ መብላት አይገባም። ሻጋታው በዓይን ከሚታየው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባልና። በተለይ የሻገተ ለውዝ፣ በርበሬና እህል አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ እሱም በመቀቀል አይጠፋም።

3. ቀላልና የተሟላ የቆላ እራት

በሙቀት ወራት የሰው የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ቅባት የበዛበት እራት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። በአካባቢያችን ባለው ነገር ብቻ የሚከተለውን መሥራት ይቻላል።

የማሽላ ወይም የጤፍ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፤ ከጎኑ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በሎሚ የተለወሰ፤ በኋላ ፓፓያ ወይም ማንጎ። ይህ የድሃ ምግብ አይደለም። ማሽላ የሚጎድለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬ ውስጥ በብዛት ስላለ ሁለቱ አብረው ሲበሉ ይሟላሉ። በምስርና በሽሮ ያለው ብረት ደግሞ ከሎሚና ከቲማቲም ከሚገኘው ቫይታሚን ሲ ጋር ሲበላ በሰውነት በተሻለ ይወሰዳል። ቫይታሚኑ በእሳት ስለሚቀንስ ሎሚው ድስቱ ከወረደ በኋላ ይጨመቅ። ሻይና ቡና ብረቱ እንዳይወሰድ ስለሚያደርጉ ከእራት ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘግየት ብለው ይጠጡ። ይህ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሳይበስል የሚበላው ቲማቲምና ቃሪያ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ፀረ ተባይ ሊረጭበት ይችላል። አምራች ወንድሞቻችንም ከርጭት በኋላ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን የመቆያ ቀን ሳይጠብቁ ለገበያ ባያቀርቡ አላህን መፍራት ነው። የላም፣ የፍየልም ሆነ የግመል ወተት ፈልቶ ይጠጣ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለ ረጅም ሕመም ያስተላልፋል።

4. ጨው ሲበዛ፣ ወጥ ሲያር

ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶባቸዋል። ሁለቱ በአንድ ድስት ሲገናኙና ደግመን ስንጨምር ጨው ይበዛል። ስለዚህ ጨው መጨረሻ ላይ፣ ተቀምሶ ይጨመር። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲንም በመፍላት ስለሚቀንስ መጨረሻ ላይ መጨመሩ ሁለት ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ በ2011 በወጣ ደንብ በአገራችን የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ተደንግጓል።

ከበዛ ምን ይደረግ? ድንች ጨውን ይመጥጣል ይባላል፤ ድንቹ ግን ከወጡ ጋር አብሮ ይጨዋል እንጂ የተለየ ኃይል የለውም። የሚያስተካክለው ማብዛት ነው። ውሃ፣ ጨው የሌለው ቲማቲም ወይም ጨው ያልገባበት ተጨማሪ ምስር ይግባበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

ወጥ ከሥር ካረረ አይማሰል። ላይ ላዩ ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ድስት ይዛወር፤ የታችኛው ይቅር።

ወንድሞች ሆይ፣ እዚህ ላይ የእኛም ድርሻ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ፈጽሞ አንቋሽሸው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉት፣ ካልወደዱት እንደሚተዉት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። በቤታቸው ውስጥ ሳሕን ከነምግቡ ወድቆ በተሰበረ ጊዜም ስባሪውንና ምግቡን በእጃቸው ሰብስበው፣ ለባለቤቷ ደህናውን ሳሕን እንደተኩ አነስ (ረ.ዐ) ነግረውናል። አልተቆጡም። ይህ ለጤናም ይጠቅማል። በቁጣ የምትሯሯጥ ሴት እጇን ትቆርጣለች፣ ዘይቱን ትደፋለች፤ የተበላሸውንም ደብቃ ታቀርባለች።

5. ሲቃጠሉ

የፈላ ውሃ፣ የእንፋሎት፣ የዘይትና የምጣድ ቃጠሎ በየቤቱ ያጋጥማል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምናደርገው ጠባሳውን ይወስናል።

አንደኛ፦ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ። ቧንቧ ከሌለ ከጄሪካን ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይቻላል። በረዶ አይደረግ። ሕፃን ከሆነ ሌላው አካሉ እንዳይበርደው ይሸፈን።

ሁለተኛ፦ ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ልብስ ሳያብጥ ቶሎ ማውለቅ። ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አይላቀቅ።

ሦስተኛ፦ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በንጹሕ ላስቲክ ላላ አድርጎ መሸፈን። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በዕድሜና በክብደት መጠን ይሰጥ። ለልጆች አስፕሪን አይሰጥ።

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዱቄት፣ የዕንቁላል ውሃ፣ የቡና ዱቄት አይቀባ። ሙቀቱን ውስጥ ያፍናል፤ ተሕዋስያንም ያስገባል፤ በኋላ ሐኪሙ ሲያጥበው ሕመሙ እጥፍ ይሆናል። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። የቃጠሎው ስፋት ከተጎጂው መዳፍ ከበለጠ፣ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ነጭ ወይም ጥቁር መስሎ የማያም ከሆነ፣ ወይም የተጎዳው ሕፃን ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ዘይት ድስት ውስጥ በእሳት ከተያያዘ ፈጽሞ ውሃ አይደፋበት፤ እሳቱ ወደ ላይ ይፈነዳል። ክዳኑን ከጎን ማንሸራተትና ምድጃውን ማጥፋት ነው። በርበሬ ወይም ቃሪያ ዓይን ከገባ አይታሽ፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። እጅን የሚያቃጥለው የቃሪያ ንጥረ ነገር በውሃ ብቻ ስለማይለቅ መጀመሪያ በዘይት፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታሽ።

6. ላምባ፣ በረኪናና የፀረ ተባይ ዕቃ

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ፣ በረኪና በሃይላንድ ላስቲክ ተቀድቶ ጉልቻው ሥር ይቀመጣል። የሁለት ዓመት ሕፃን በሙቀት ቀን ሲጠማው ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይለይም።

ልጅ ላምባ ወይም በረኪና ከጠጣ እንዲያስመልስ አይደረግ። ጣት አይግባበት፤ ወተትም ዘይትም አይሰጠው። ላምባ ሆድ ከገባበት ይልቅ ሲያስመልሰው ሳምባ ውስጥ ሲገባ ይገድላል። በረኪናም ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን አጥባችሁ፣ የነካውን ልብስ አውልቃችሁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ደህና ቢመስልም አትተዉት፤ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

የፀረ ተባይ ጣሳና ጄሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለወተት አይሆንም። ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ይደረግ።

ዝናብ ሲመጣ የከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋትም አደገኛ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና ድካም ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ። ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይተኛ።

7. ከእራት በኋላ ሲያስመልስና ሲያስቀምጥ

በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ፈሳሽ መተካት ነው። ኦ.አር.ኤስ፣ ብዙዎቻችን ለምለም የምንለው፣ አንዱ ከረጢት በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጥ። ግማሹን ከረጢት በብርጭቆ መበጥበጥ ትክክል አይደለም። ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረው ይደፋ። ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደረግ። ጨው ከዚህ ከበዛ ሕፃን ይጎዳል። ልጁ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት አይቋረጥ። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ከስድስት ወር በላይ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊ ግራም ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ ይጨረስ።

ተቅማጥ ባየን ቁጥር መድኃኒት ቤት ሄዶ አሞክሳሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን መጠየቅ ልማድ ሆኗል። አብዛኛው ውሃማ ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒንም ለልጅ አይሰጥም። ሽሮፕ ሲታዘዝ ከመድኃኒቱ ጋር በመጣው መለኪያ ይሰጥ፤ የቤት ማንኪያዎች መጠናቸው ይለያያል።

ደም ከታየ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሽንቱ ከቀረ፣ ወይም የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በብዛት ከወረደ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በ2014 እ.ኢ.አ ማብቂያ ባሌ ላይ የጀመረው ኮሌራ በ2015 እ.ኢ.አ ወደ አማራ ክልልም እንደገባ አንርሳ። በቆላችን ደግሞ ወባ አለ። ትኩሳትና ማስመለስ ሲመጣ «እራቱ ነው» ብሎ መቀመጥ ጊዜ ያሳጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ይደረግ።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ ከመተኛታችን በፊት ዕቃዎችን እንድንከድን፣ የውሃ መያዣውን እንድንቋጥር፣ እሳትና መብራትንም እንድናጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘውናል። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት በተቃጠለ ጊዜም እሳት ጠላት መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ይህን ሱና በየምሽቱ ለአንድ የቤተሰብ አባል እናስረክብ። አንዱ ልጅ ቢስሚላህ ብሎ ድስቱንና እንስራውን ይክደን፤ አባት ፍሙን አጥፍቶ ላምባውንና በረኪናውን ልጅ ከማይደርስበት ይስቀል። እናት ብቻዋን አትተው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች።

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ይህን ላላነበቡ ጎረቤቶች አካፍሉ፤ በተለይ የቃጠሎውንና የላምባውን ክፍል። አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ይባርክልን፣ ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።